ገና ነው

በዚያ ዓመት እኛ ቤት ዓይኑን የጨፈነ ሰው መስማት አይችልም ነበር። ቀልዴን አይደለም። ሐኪሙ እናቴን «አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ፤ ሹክሹክታም ቢሆን!» ብሏት ስለነበር የምትለውን ሁሉ በእርሳስ ትጽፈው ነበር። ደብተሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች። እኔን ስትጠራኝ ጠረጴዛውን በእርሳሱ ቂጥ ሁለቴ ታንኳኳለች፤ ቀና ስል ደብተሩ ፊቴ ላይ ይደቀናል። «እጅሽን ታጠቢ።» «ጫማሽን በር ላይ አውልቂ።» «የቤት ሥራሽስ?» መገሠጽ ካላማረኝ ዓይኔን ጭፍን ማድረግ ነው። እሷም ትስቅብኛለች፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ጎረቤቶቻችን ደግሞ ጉድ ነበሩ። ጆሮዋ ደህና መሆኑን እያወቁ ይጮሁባታል። አንዷማ ጭራሽ እርሳሱን ከእጇ ተቀብላ መልሱን እዚያው ደብተር ላይ ጻፈችላት። አክስቴ ይህን ስታይ «እናንተ ሰዎች፣ የታመመው ጉሮሮዋ እንጂ ጆሮዋ አይደለም እኮ!» አለች፤ እሷም ያለችው እየጮኸች ነው።

አክስቴ የእማዬ ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እማዬ ዝም ባለች በሳምንቱ የስፌት መኪናዋን አሸክማ እኛ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሰው ማውራት ጀመረች። መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ወሬዋን አታቋርጥም። አባቴን አላውቀውም፤ ስለሱ የተወራም ነገር ትዝ አይለኝም። በቃ ቤቱ የሦስታችን ነበር።

እማዬ ከመታመሟ በፊት እንጀራዋ ድምፅዋ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባለው የአውቶቡስ መናኸሪያ የሚነሱትን አውቶቡሶች በድምፅ ማጉያ የምትጠራው እሷ ናት። «የሰባት ቁጥር ተሳፋሪዎች፣ ወደ ሦስተኛው በር፤ ሻንጣችሁን አትርሱ።» ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ቢሆንም ባዶ አይመስለኝም ነበር፤ በጓሮ መስኮት እማዬ ትገባለች። ሰባት ቁጥርን ስትጠራ ምሳዬን እበላለሁ፣ የመጨረሻውን አውቶቡስ ስትጠራ ጫማዬን አጥልቄ በር ላይ እጠብቃታለሁ። በዚያ ዓመት ግን በእሷ ወንበር ላይ አንድ አፍንጫው የተደፈነ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር። እሱ በጠራ ቁጥር የጓሮውን መስኮት እዘጋለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ፈሪ ነበርኩ፤ አሁንም ፈሪ ነኝ፤ ልዩነቱ አሁን የምፈራውን ነገር ስሙን አውቀዋለሁ።

ዋሽንቱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የሙዚቃ አስተማሪያችን ስፖርትም ስለሚያስተምረን አንገቱ ላይ ፊሽካ አይጠፋም፤ እኛም ከጀርባው «ጋሽ ፊሽካ» እንለው ነበር። አንድ ሰኞ አሥራ ሁለት የቆርቆሮ ዋሽንት በካርቶን ይዞ ክፍል ገባ። ስድስት ቀዳዳ አላቸው፣ አፋቸው ፕላስቲክ ነው። የእኔው አረንጓዴ ነበር። ለገና ስድስት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

«ሦስት የገና መዝሙር» አለ ጋሽ ፊሽካ። «በበዓሉ ዋዜማ ወላጆቻችሁ ፊት ሦስቱንም ትነፏቸዋላችሁ፤ እነሱም ያለቅሳሉ። በደስታ ይሁን በሌላ ነገር እሱ የእናንተ ፈንታ ነው።»

የመጀመሪያው ቀን ሌላ ነገር ነበር። አሥራ ሁለታችን አንድ ላይ ስንነፋ የጎረቤት ክፍል አስተማሪ በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው። ጋሽ ፊሽካ ግን አልተናደደም። «ጣታችሁን ቀዳዳው ላይ አሳርፉት እንጂ አትጫኑት። ስድስቱንም ዝጉ። አሁን ላላ አድርጋችሁ፣ ሾርባ እንደምታበርዱ፣ ንፉ።» ወፈር ያለ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ወጣ። «ጣታችሁን እንዳታነሱ! አሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ንፉ።» ያው ዋሽንት፣ ያው ጣት፣ ድምፁ ግን ዘሎ ላይ ወጣ። እንዴ! ጣቴን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ አልተነቃነቀም። «አያችሁ?» አለ። «ጣቱ አንድ ነው። የሚለየው ትንፋሽ ነው።»

ሦስተኛው መዝሙር ያ ዝላይ አለበት። እመሃሉ ላይ፣ ስድስቱም ቀዳዳ እንደተዘጋ፣ ከታች ወደ ላይ ይዘላል። እማዬ ከድሮም የምትወደው እሱን ነው፤ ልብስ ስታጥብ እዚያ ዝላይ ጋ ስትደርስ እጇን ከውሃው ታወጣ ነበር። የመዝሙሮቹን ወረቀት ሳሳያት በጣቷ ሄዳ ሦስተኛው ላይ ቆመችና ደብተሯ ላይ «ይሄ የኔ ነው» ብላ ጻፈች።

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፤ እኔ እነፋለሁ፣ እሷ በእርሳሱ ጠረጴዛውን እየመታች ልክ ትይዝልኛለች። አንደኛውን ቻልኩት። ሁለተኛውንም ቻልኩት። አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ሥር ሆና «በቃ ይሄን ቱቦ ጆሮዬ ውስጥ አስቀምጪውና እረፊ!» ትለኛለች፤ እግሯ ግን ፔዳሉን በመዝሙሩ ልክ ነበር የሚረግጠው።

ከዚያ አንድ ቀን የክፍል አስተማሪያችን ስላመማት ቀደም ብለው ለቀቁን። ቤት ስደርስ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። አክስቴ ቤት ሆና መኪናው ዝም ካለ ወይ ክር ተበጥሷል ወይ አንድ ነገር አለ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ እንደያዝኩ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

«ታዲያ ቀኑ መቼ ነው?» አለች አክስቴ።

እርሳሱ ጫር ጫር አለ።

«ለልጅቷስ ነገርሻት?»

ጫር ጫር።

«መቼ ልትነግሪያት ነው ታዲያ? ከሄድሽ በኋላ?»

አሁን እርሳሱ ቆየ። ጻፈ፣ ቆመ፣ ደግሞ ጻፈ። ከዚያ አክስቴ «ወይኔ እህቴን! ወይኔ!» ስትል ሰማሁ። አክስቴ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አልቅሳ አታውቅም ብዬ ነበር የማስበው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክረው ሳይሆን አይቀርም ብዬ ክው አልኩ።

ጓሮ የተሰጣ ልብስ ነበር፤ ዝናብ ጣል ጣል ሲል እማዬ ደብተሩን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። አክስቴም ፊቷን ልትታጠብ ሄደች። እኔ ገባሁ። ገጹ ላይ የአክስቴ ጥያቄ የለም፤ የእማዬ መልስ ብቻ ነው ያለው።

ገና ነው።

አልነገርኳትም።

መጀመሪያ ሦስተኛውን መዝሙር ትቻለው።

አንድ ጊዜ አብሬያት ልዘምር፣ ከዚያ ልሂድ።

አታልቅሺ።

መሄድ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የነበረው ሰዓት ጠጋኝ የሞተ ጊዜ ልጆቹን «ሄደ» ነው ያሏቸው። ወዴት ሲሉ «ሄደ አልናችሁ እኮ!» አሏቸው። ስለዚህ ጥያቄና መልሱን አገጣጠምኩት። ቀኑ መቼ ነው? ገና ነው። ለልጅቷ ነግረሻታል? አልነገርኳትም። ከዚያ መዝሙር፣ ከዚያ መሄድ። ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይላሉ ስለ እናቶች፤ እናቷ አንድ የሆነችባት ልጅስ?

ዛሬ ያንን ገጽ ሳነበው ሌላ ነገር ይላል። ያች «ገና» የምትል ቃል ጠብቃ ከተነበበች በዓሉ ናት፤ ላልታ ከተነበበች «አልደረሰም» ማለት ናት። ሲናገሩት ሕፃን አይሳሳተውም። ሲጽፉት ግን አንድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የምሰማው የበዓሉን ስም ብቻ ነበር። አክስቴ የጠየቀችው ትልቁ ሆስፒታል ቀን ቆርጦላት እንደሆነ ነው፤ እማዬም የመለሰችው አልቆረጡልኝም ብላ ነው። ማንቁርቷ ላይ ክፉ ነገር ተገኝቶባት ነበር። ሊያወጡት ነው፤ እሷ ትተርፋለች፣ ድምፅዋ ግን አይተርፍም። እማዬ ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ አንድ መዝሙር፣ ከልጄ ጋር። «እስከዚያ ዝም ካልሽ ለአንዴ ይበቃሽ ይሆናል» አላት። ዝም ያለችው ለዚህ ነበር። ከሆስፒታሉ የሚጠራት ስልክ ነገም ከነገ ወዲያም ሊመጣ ይችላል፤ እሷ ቁጭ ብላ እኔ ያንን ዝላይ እስክችለው ትጠብቃለች።

እኔ ደግሞ እንዳልችለው ቆርጬ ተነሳሁ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ገና ካልመጣ አትሄድም፤ ሦስተኛውን ካልቻልኩም አትሄድም። ሁለቱንም መዝጋት ነው። ግድግዳችን ላይ በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚቀደድለት ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ መቅደድ የእኔ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት የቀደድኩትን ከሰዓት በዱቄት ሙጫ መልሼ መለጠፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ፊቱ ቆመች። «ትናንትም ማክሰኞ፣ ዛሬም ማክሰኞ? ወይስ እኔ ነኝ የጃጀሁት?» ይህን ብላ ሳትጨርስ አንዲት ደንበኛዋ «ለሐሙስ ያልሽኝ ቀሚስስ?» ብላ ገባች። አክስቴ ግድግዳውን እያሳየች ሐሙስ አልደረሰም ብላ ተሟገተች። ደንበኛዋ «ጤና ይስጥሽ» ብላ ሄደች። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር፤ ያኔ ግን ቀኑ እንደማይቆምልኝ ገባኝና ጥፍሬን መብላት ጀመርኩ።

ዋሽንቱ ይሻላል። ዝላዩ ጋ ስደርስ የቀለበት ጣቴን በትንሹ ላላ አደርጋለሁ፤ ነፋስ ያመልጣል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። እማዬ እርሳሷን ታነሳና ትጽፋለች፦ «እንደገና።»

አቤት ያች ቃል! ውስጧ ማን እንደተቀመጠ አያችሁ? እንደ ገና! በየቀኑ ስድስት ሰባት ጊዜ ትጽፍልኛለች። ጣቴን አላላለሁ፣ ይሰነጠቃል፣ እንደገና። እማዬ አንድ ቀን እንኳ ፊቷ አልጠቆረም። ጣቶቼን በጣቷ ቀዳዳው ላይ ታስተካክልልኛለች፤ እጇ ይሞቃል። አንዳንዴ ጆሮዋን ወደ መናኸሪያው ታዘነብላለች፤ አፍንጫው የተደፈነው ሰውዬ ሲጠራ የናፈቃት ሥራዋ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስልክ ያለው እዚያ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሆስፒታሉ የሚደውለውም እዚያ ነው።

«ምን ሆነሻል? አትበዪም፣ አትጫወቺም» ብላ ጻፈችልኝ።

«ምንም» አልኳት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንግዲህ። እሷም ደብቃኛለች፣ እኔም ደብቄያታለሁ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስለ ጣት እንነጋገራለን።

ትምህርት ቤትም አልቀናኝም። «አንቺ ልጅ፣» አለ ጋሽ ፊሽካ፣ «ሁለቱን ከሁሉም በፊት ቻልሽ፤ ይሄን ምን ነካሽ? ትንፋሽ አጣሽ?» ከፊተኛው ረድፍ አንስቶ ኋላ አስቀመጠኝ። አሥራ አንዱ ልጆች ግን ከቀን ቀን እየቻሉት ሄዱ። ዝላዩን ሁሉም በአንድ ላይ ሲዘሉት ጆሮዬን እይዛለሁ። ገናን እየጎተቱ የሚያመጡት እነሱ ይመስሉኝ ነበር። መስኮቶቹ ላይ የወረቀት ኮከብ ተለጠፈ። ማታ ማታ አልጋዬ ውስጥ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ዘንድሮ ብቻ ይቅር» ብዬ እጸልያለሁ፤ በልደቱ ቀን ቅር እንዳይሰኝብኝ ደግሞ ወዲያው ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ለገና አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ጣት ማላላቱ እንዳይነቃብኝ ፈርቼ፣ የሻማ ጉማጅ በእጄ አሙቄ የዋሽንቱ አፍ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። እንደዚያ አድርጌ አልጋዬ ላይ ትቼው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ በሩ ሥር የእማዬ ትንሿ ሻንጣ ቆማለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉት አይደል? ለገና እኮ አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል! አመጡት ማለት ነው፣ ቀኑን አመጡት! አክስቴ ዓይኗ ቀልቷል፤ አላየችኝም፣ የሌሊት ልብስ ጠርዝ ትሰፋለች። እማዬ ግን ፀጉሯን ተሠርታ፣ ንጹህ ልብስ ለብሳ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ዋሽንቱን ራሷ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ደብተሩ ክፍት ነው። «ዛሬ ሦስተኛውን።»

አነሳሁና ነፋሁ። ምንም የለም። ጉንጬ ብቻ ተነፋ።

እማዬ ተቀበለችኝ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ አየችው፤ ከፀጉሯ ሽቦ መዘዘችና አፉን ቆፈረችው። ነጭ ሰም እየተፈረፈረ ጭኗ ላይ ወደቀ። አንዱን ፍርፋሪ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ አየችኝ። ጻፈች፦ «ለምን?»

«ገና እንዳይመጣ!» አልኩ። ጮህኩ። «ሦስተኛውን ከነፋሁልሽ ትሞቻለሽ! አውቃለሁ! አንብቤዋለሁ!»

ግራ ገባት። ደብተሩን ነጠቅኳትና ገጾቹን ወደኋላ ገለበጥኳቸው፤ አንዳንዱ ተቀደደ። አገኘሁት። ጣቴን መጀመሪያው መስመር ላይ ተከልኩት።

እማዬ አነበበችው። መጀመሪያ ምንም አልገባትም፤ ከዚያ ከንፈሯ ያለ ድምፅ አንዴ ላላ፣ አንዴ ጠበቅ አድርጎ ሞከረው። እጇ አፏ ላይ ሄደ። ወዲያው እርሳሷን አነሳችና በትልቁ ጻፈች፦

«ገና አይደለም። ገና ነው።»

ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለቱንም በበዓሉ ስም ነዋ ያነበብኩት! «ጭራሽ ትቀልጂብኛለሽ?» አልኳት። እሷ ቀጥላ ትጽፋለች፣ እርሳሱ ይሮጣል፣ ረጅም መስመር ነው፤ እኔ ግን ከዚያ በላይ አንዲት ፊደል ማየት አልቻልኩም። ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚያ ላይ ሁለት መዳፌን ከደንኩበት።

ጠረጴዛው ሁለቴ ተንኳኳ። አልከፈትኩም። ደግሞ ሁለቴ። እጆቼን ያዘችኝ፣ ልታላቅቀኝ ሞከረች፣ አልላቀቅም አልኳት። በዚያ ዓመት እኛ ቤት ዓይኑን የጨፈነ ሰው መስማት እንደማይችል ነግሬያችኋለሁ። ማንኳኳቱ ቆመ። ለትንሽ ጊዜ የአክስቴ መኪና ብቻ ይሰማል። ከዚያ እፊቴ ላይ አንድ ሰው ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ።

«ገና» አለች እማዬ።

የመናኸሪያው ድምፅ አልነበረም። ሻካራ ነው፣ ዳር ዳሩ ተበልቷል፤ ግን የእሷ ነው። ቃሏን ላላ አድርጋ፣ ለስለስ አድርጋ ነበር ያወጣቻት፤ በዓል የሚባል ነገር በአጠገቧም አላለፈ።

«ገና ነው፣ የኔ ልጅ። ገና። አልሞትም።»

ዓይኔን ከፈትኩ። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። አክስቴ የምትሰፋውን ጨርቅ እንደያዘች ዘላ መጣች። «ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ አንቺ?» እማዬ እያሳለች መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋለች። አክስቴ መሐረቡን ቶሎ ጨበጠችው፤ ቀዩን ግን አየሁት። እማዬ በነጻው እጇ ዋሽንቱን ወደ እኔ ገፋችው።

ነፋሁት። ስድስቱን ዘጋሁ፣ ላላ፣ ከዚያ ጠበቅ፤ ዘለለ። ምንም ሳይሰነጠቅ ዘለለ! እማዬ ቀና ብላ አፏን ከፈተች። እኔ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ከንፈሯ ቃላቱን ያዛቸው፣ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ተወጠረ፣ ከውስጥ ግን ነፋስ ብቻ ወጣ። አንድ ጊዜ ደገመችው። ከዚያ አፏን ገጠመችና እርሳሷን አንስታ ጠረጴዛውን በልክ ትመታልኝ ጀመር። ስጨርስ «እንደገና» ብላ ጻፈች፤ ያን ጊዜ ላላ አድርጌ በትክክል አነበብኩት፣ እንደገናም ነፋሁ። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማ ነበር። የሌሊት ልብሱ ስላላለቀላት የተናደደች መሰለኝ። እኔማ ደስታዬ! እናቴ አትሞትም፤ ራሷ ነገረችኝ፣ በአፏ!

ለስንት ሳምንት ያጠራቀመችውን ድምፅ እዚያች ቃል ላይ እንደጨረሰችው ያኔ አላወቅኩም።

ለካ ሆስፒታሉ የዚያኑ ቀን ደውሎ ኖሯል፤ በማግስቱ ጠዋት ትንሿን ሻንጣ ይዛ ሄደች፤ አክስቴ እጄን ጨብጣ በር ላይ አስቆመችኝ። ቀዶ ጥገናው እዚያው ሳምንት ተደረገ። ዋዜማው ዕለት ከፊተኛው ረድፍ ቆሜ ሦስቱንም ነፋሁ፤ ጋሽ ፊሽካ ባለው መሠረት አክስቴ አለቀሰች፣ በምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እማዬ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ተመለሰች፤ መናኸሪያው ትኬት ክፍል መደባት። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች። አንድም ቃል ግን አልተናገረችም።

የመዝሙሩን ነገር የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ፣ ተጣልተን ሳለ፣ በንዴት አመለጣት። ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን እማዬ አልጋዬ ጠርዝ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «በእኔ ምክንያት ነው» አልኳት። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጻፈች፦ «ለአንዴ ነበር የተሰጠኝ። ለደህና ነገር አውዬዋለሁ።» ይቺ ገጽ አለችኝ። አንብቤያት ይቅር የተባልኩ መሰለኝ፤ አንዳንድ ቀን ግን አይመስለኝም።

የመናኸሪያውን ድምፅዋን ረስቼዋለሁ። ስንት ዓመት በመስኮት የገባ ድምፅ፣ ሰባት ቁጥር፣ ሦስተኛው በር፤ ቃላቱ አሉ፣ ድምፁ የለም። የቀረችኝ ያቺው አንዲት ቃል ናት።

ባለፈው ወር ልጄ የእማዬን ሳጥን ስትበረብር ዋሽንቱንና ያንን ደብተር አገኘች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ነው የምታነበው፣ የሳሙና ወረቀት ሳይቀር። አክስቴ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች። አሁን ዓይኗ አያይም፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ስለ ዘንድሮ ክር መጥፎነት ትናገራለች። እኔ ወጥ ቤት ሰሐን አጥባለሁ።

«ገና ነው!» ብላ አነበበች ልጄ፤ ጠበቅ አድርጋ፣ በበዓሉ ስም።

እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ «ላላ አድርጊው» አልኳት። «ገና። ገና ነው፣ የኔ ልጅ።»

የአክስቴ ወሬ ቆመ። እንዲህ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሰምቼ ስለማላውቅ ደንግጬ ወጣሁ። ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ እጇን ወደፊት ዘርግታለች።

«ማነው የተናገረው?» አለች።

«እኔ ነኝ አክስቴ።»

«አንቺ አይደለሽም» አለች። «የእህቴን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ዓመቴ... እስቲ በይው።»

እርጥብ እጄን ሰጠኋት። «ገና» አልኳት።

እጄን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯ ላይ አስጠጋችው።

«እንደገና» አለችኝ።